እንቅልፍ የማያውቀው ዘር

ኑርሁሴን ሊፈቱት የተነሡት እንቆቅልሽ ሲነግሩት ቀላል ይመስላል፤ የዶቅማ ዛፍ ዘር ለምን አልበቅል አለ? በቆሎ ዘርተው በቅሏል፣ በርበሬ አፍልተው በቅሏል፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘሀራ ከጓሮ የተከሏት ኮክ እንኳ ብዙም ሳትለመን አፍርታለች። ዶቅማው ግን በጥቁር ላስቲክ አፈርና ፍግ ተሞልቶለት፣ ጥላ ተሠርቶለት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ አንዲት ቅጠል ሳያሳይ ክረምቱን አሳለፈ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ።

ኑርሁሴን የቡሬ የእህልና የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ዘር አያውቁም ተብለው የሚታሙ ሰው አይደሉም። የበርበሬ ዛላ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ካደረጉት፣ ውስጡ ያለው ፍሬ በሚያሰማው ድምፅ ብቻ መድረቅ አለመድረቁን ይናገራሉ። በቆሎ ከሆነ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ፤ ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ከተላመጠች ገና ናት። ገበሬ እርጥብ እህል አምጥቶ «ደርቋል» ቢላቸው አይከራከሩም። ፈገግ ብለው ጆንያውን ይፈቱና ፀሐይ ላይ ያሰጡለታል። በእሳቸው ሥራ እርጥበት ማለት ሻጋታ ነው፣ ነቀዝ ነው፣ የባከነ ድካም ነው። ጥሩ ዘር ደረቅ ዘር ነው። ይህን ከአባታቸው ተምረዋል፤ እስከ ሽምግልናቸው ድረስም አንድ ቀን አሳስቷቸው አያውቅም።

ታዲያ የእህል ነጋዴ ከዶቅማ ምን አገናኘው? መልሱ ያለው መንገድ ዳር ነው።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከተማውን እንደለቀቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ሚኒባስ የሚቆምበት አንድ ስፍራ አለ። ረዳቱ «ዶቅማ ላይ ወራጅ አለ?» ይላል፤ ካለ ይወርዳል። ዶቅማ የሚባል ዛፍ ግን በአካባቢው የለም። ያለው ጎርፍ የቆፈረው ቀይ ቦይ፣ ጥቂት የእሾህ ቁጥቋጦና በበጋ የሚነድ አሸዋ ነው። ኑርሁሴንን አንድ ቀን በሚኒባሱ አጠገባቸው የተቀመጠች ተማሪ ዶቅማ ማለት ድሮ እዚህ ሱቅ የነበራቸው ሰውዬ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሊስቁ ፈልገው ሳቁ አልመጣ አላቸው።

«አዎ» አሉ። «ደግ ሰው ነበሩ።»

ቦታው ትክክለኛ ስሙ ዶቅሚት ነው። ወንዝ ለመባል ትንሽ፣ ቦይ ለመባል ደግሞ ትልቅ የሆነ ውሃ ነበረበት። ከላይ ካለው ኮረብታ ራስ ይመነጭና በሁለት ረድፍ ዶቅማዎች መካከል እየተንሿሿ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ኑርሁሴን በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር አህያ እየነዱ ወደ ማንኩሳ ገበያ ሲወርዱ ወይም ሲመለሱ የቀትሩ የዙህር ሰላት የሚደርስባቸው እዚያ ነበር። ጭነት ይራገፋል፤ አህዮቹ ይጠጣሉ፤ ሙስሊሙ ነጋዴ ከዶቅማው ጥላ ሥር ለሰላት ተጣጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ይሰግዳል፤ ክርስቲያኑም አጠገቡ ስንቁን ፈትቶ ይበላል። ከላይ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል የዶቅማ ፍሬ እንደ ዝናብ ይረግፋል። ግንቦት ላይ ሲበስል ፍሬው ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ የበላ ሰው ምላሱ ስለሚያሳብቅበት አልበላሁም ማለት አይችልም። ወይዘሮ ዘሀራ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ሰርገኛው ያረፈው እዚያው ሥር ነበር። አክስቶቻቸው ዞር ሲሉ ሙሽሪት ፍሬውን ቀምሰው ኖሮ፣ ኑርሁሴን ሚስታቸውን ፊት ለፊት ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ያዩት ሐምራዊ ከንፈር ነው። ይህን እስከ ዛሬ በሰው ፊት እያነሡ ያበሽቋቸዋል።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኑዕማን። ውዱእ አደራረግ የተማረው ከዚያ ውሃ ነው። እጁን በትክክል ከመታጠብ ይልቅ ወደ አባቱ ፊት ውሃ መርጨት ይቀናው ነበር። በሕፃንነቱ ታሞ ሞተ፤ ሌላ ልጅ አልመጣም።

ጫካው የተቆረጠው መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ የኮረብታው ደን ጠባቂም ባለቤትም አልነበረውም፤ ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለከሰል፣ ሌላው ለእርሻ። ኑርሁሴን አልቆረጡም፤ ግን የመጋዘናቸው ጣሪያ አግዳሚዎች በገበያ የተገዙ የዚያው ደን ግንዶች ናቸው። እህል ሲያስለኩ ቀና ካሉ እስከ አሁን ይታያሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንዲት የዝናብ ጠብታን መከተል ይጠቅማል፤ ጉዞዋ በእውነት የሚያስደንቅ ነውና። ደን ባለበት ጊዜ ጠብታዋ መሬት ላይ አትወድቅም። መጀመሪያ ቅጠል ላይ ትሰበራለች፣ ከዚያ በቅርንጫፍና በግንድ ትወርዳለች፣ ከዚያ የረገፈና የበሰበሰ ቅጠል እንደ ፍራሽ ይቀበላታል። ከፍራሹ ሥር ትሉ የሰረሰረው፣ የሞተ ሥር ትቶት የሄደ ቀዳዳ አለ። በዚያ ትገባለች፤ ቀስ እያለች ትሰርጋለች፤ ከብዙ ወራት በኋላ በምንጩ ዓይን ብቅ ትላለች። ስለዚህ ኑርሁሴን በልጅነታቸው ሚያዝያ ላይ በዶቅሚት የጠጡት ውሃ ነሐሴ ላይ የዘነበ ነበር ማለት ነው። ደኑ ሲቆረጥስ? ጠብታዋ ራቁቱን አፈር በቀጥታ ትመታዋለች። የተመታው አፈር ጭቃ ሆኖ የራሱን ቀዳዳ ይደፍናል። መግቢያ ያጣው ውሃ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ለም አፈሩን ይዞ ይሄዳል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ በአንድ ቀን ያልፋል። ለምንጩ የሚተርፍ የለም።

ዶቅሚት ላይም የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም ጉዳት አላየም፤ እንዲያውም አዲሱ እርሻ ጥሩ ሰጠ። ከዚያ ውሃው በሚያዝያ መቆም ጀመረ፣ ከዚያ በየካቲት፣ በኋላ ጥምቀት እንኳ ሳይደርስ። ጉሬዛው ሄደ። ወንዙ ዳር የቀሩትን ጥቂት ዶቅማዎች ጎርፉ ሥራቸውን እየገለጠ አንድ በአንድ ጣላቸው። ኑርሁሴን ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያስረዱት። ዝናቡ አልቀነሰም ይላሉ፤ የፈረሰው ጎተራው ነው፤ ክረምቱ የሚያመጣውን የሚያስቀምጥልን ጠፋ።

ኑርሁሴን ዶቅማ ማፍላት የጀመሩት ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። በግንቦት የበሰለ ፍሬ አሰበሰቡ። ሥጋውን አጠቡ፣ ዘሩን በሰሌን ላይ አሰጡ፣ እንደ በርበሬ በየቀኑ እያገላበጡ አደረቁት፤ ነቀዝ እንዳይገባው በአመድ ለወሱት። ሐምሌ ላይ ዘሩት። ምንም የለም። ምክንያቱን በጥንቃቄ መረመሩ፤ ያገኙት መልስም ከሙያቸው የመጣ ነበር፤ በደንብ አልደረቀም ማለት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት አብዝተው አደረቁት። እፍኝ ሙሉውን አንሥተው ሲያንቀጫቅጩት እንደ ጠጠር ጮኸላቸው። ደስ አላቸው። እሱም ሳይበቅል ቀረ።

ገበያው ይህን አልለቀቀውም። ሰው ባዶ ላስቲክ ሲያጠጡ እያየ «ጋሼ ኑርሁሴን፣ ላስቲኩ ዘንድሮ ምን አፈራ?» ማለት ጀመረ። ቀልዱ ግን ከበስተኋላው ቁም ነገር ነበረበት። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ትዕዛዙ፣ የዶቅሚትን ዳርቻ ለተደራጁ ወጣቶች ባሕር ዛፍ እንዲተክሉበት ለመስጠት አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ አጠናው ይሸጣል፤ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል። ይህን ኑርሁሴንም አልካዱም። ግን ባሕር ዛፍ ከምንጭ ዓይን ላይ ሲተከል ያለችውን ጥቂት እርጥበት መጥጦ ይጨርሳል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ዶቅሚት ባሕር ዛፍ ከለበሰ የሚቀረው ረዳቱ የሚጠራው ስም ብቻ ነው። ኑርሁሴን ቀበሌ ድረስ ሄደው ለመኑ፤ አቶ ትዕዛዙም የመጨረሻ ጊዜ ሰጧቸው።

«ሐምሌ ላይ መጥቼ ላስቲኮቹን አያለሁ» አሉ። «የበቀለ ካለ ዳርቻው ለዶቅማ ይሁን። ከሌለ ግን ጋሼ፣ እኔ ወጣቱን በትዝታ ላበላው አልችልም።»

በሦስተኛው ግንቦት ኑርሁሴን እንደ ሁልጊዜው ወደ መሪጌታ ይሄይስ ሄዱ። መሪጌታ ከዶቅሚት በላይ ባለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። በአካባቢው ዶቅማ የቀረው በደብሩ አጸድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፍሬውን ተማሪዎቻቸው ለቅመው በበሩ ያቀብሏቸው ነበር። ሁለቱ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። ያን ቀን ኑርሁሴን አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘንድሮ እንዴት አድርገው እንደሚያደርቁት በዝርዝር አስረዱ፤ ከሰሌን ይልቅ ቆርቆሮ ላይ ሊያሰጡት ነው። መሪጌታ ጨርሰው አዳመጡ።

«ኑርሁሴን» አሉ በመጨረሻ፣ «እርስዎ እኮ ዘር የሚያደርቁ ሰው ነዎት።»

ጎጃም ውስጥ ቃል እንዲሁ ተነግሮ እንዲሁ አይሰማም። የቅኔ መምህር ሲናገር ደግሞ ሰሚው ላይ ላዩን ሰሙን ገፎ ውስጥ ያለውን ወርቅ መፈለግ ልማዱ ነው። ዘር ፍሬ ነው፤ ዘር ትውልድም ነው። ኑርሁሴን የሰሙት ሁለተኛውን ነው። ኑዕማን ትዝ አላቸው። ከእሱ በኋላ ባዶ የቀረው ቤታቸው ትዝ አላቸው። ጆንያቸውን ተሸክመው ወረዱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ወደ ደብሩ አልዞሩም። ወይዘሮ ዘሀራ ምን ሆነህ ነው ሲሏቸው ፀሐይ መትቶኝ ነው አሉ። ዘሩን ቆርቆሮ ላይ አሰጡት።

ወይዘሮ ዘሀራ ግን ከጆንያው አንድ እፍኝ ቀንሰው ነበር። እንደ ሙሽራነታቸው ቀን በሉት። ዘሩን የተፉት ከቤቱ ጀርባ፣ በየሰላቱ ውዱእ በሚያደርጉበት ድንጋይ አጠገብ ነው። እዚያ አፈሩ መቼም አይደርቅም። ከቀናት በኋላ ዝናቡ ገባ፤ ሰኔ ሲጋመስ ከድንጋዩ ሥር ቀላ ያሉ፣ የሚያብለጨልጩ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ባለቤታቸውን ጠሩ።

«ና፣ አንተ ሰውዬ» አሉ። «ይሄ የማን ልጅ ነው?»

ኑርሁሴን በእንብርክካቸው ሆነው አዩት። አንዱን በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ተከተሉ፤ ከሥሩ ላይ የዶቅማ ዘር ተጣብቋል። ወደ ቆርቆሮው ሄደው ከደረቁት አንዱን እንደ በቆሎ በጥርሳቸው ሰበሩ። ቀጭ አለ። ውስጡ ጠቁሮ ተጨማድዶ ነበር። ከዚያ ከድንጋዩ ሥር ያልበቀለ አንድ እርጥብ ዘር ፈልገው ሰበሩ፤ ተላመጠ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነበር። መሪጌታ የተናገሩት ያኔ ነው የገባቸው። ወርቅ አልነበረበትም። ቃሉ ራሱ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ማወቅ ያስደስታል። በቆሎና ጤፍ ረጅም በጋ ያለበት አገር ተክሎች ናቸው፤ ዘራቸው ዝናቡ እስኪመጣ መተኛት አለበት። መድረቅ ለእነሱ እንቅልፍ ነው፤ ሲርሱ ይነቃሉ። ዶቅማ ግን ፍሬውን የሚጥለው በክረምት ደጃፍ፣ ሊረጥብ በተዘጋጀ አፈር ላይ ነው። መተኛት አላስፈለገውም፤ ስለዚህ አልተማረውም። መድረቅ ለእሱ ሞት ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብባቸው ታላላቅ የሐሩር ደኖች ውስጥ ካሉት ዛፎች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ለዚህ ነው እነዚያ ደኖች ሲመነጠሩ ጉዳቱ እጥፍ የሚሆነው፤ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ የዛፎቹ ዘር እምብዛም የለም። እናቲቱ ከወደቀች ልጁን የሚያወጣ ሌላ የቆመች እናት በቅርብ መገኘት አለባት። ለዶቅሚት ያች እናት የቀረችው በመሪጌታ አጸድ ውስጥ ነው። የፍሬው ጊዜ ደግሞ እያለቀ ነበር።

ኑርሁሴን በዚያው ቀን ወጡ። በመንገድ ላይ የሚናገሩትን ሲያዘጋጁ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋባቸውና የያዙትን ቡቃያ ብቻ ዘረጉ። መሪጌታ አዩት፤ ከዚያ ሰውየውን አዩ።

«እኔ ሰሙን ነበር የተናገርሁ» አሉ። «እርስዎ ወርቁን ይዘው ሄዱ።»

«የልጄን ነገር ያነሡብኝ መስሎኝ ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ኑዕማንን ያውቁት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አላሰቡትም። የዕድሜ ልክ ሙያቸው ቃልን በሁለት ፊት ማየት ሆኖ ሳለ፣ የገዛ ቃላቸውን ሌላ ፊት ሳያዩ መናገራቸው አስደነገጣቸው። ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ማንንም ሳይጠሩ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከዶቅማዎቹ ሥር የረገፈውን ቅጠል በመቋሚያቸው እየገለጡ የመጨረሻዎቹን ፍሬዎች መልቀም ጀመሩ። ኑርሁሴን ከአጥሩ ውጭ ሆነው የተዘረጋላቸውን እየተቀበሉ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጆንያ በውሃ ነከሩ።

አቶ ትዕዛዙ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጡ። ላስቲኮቹ ሁሉም አልበቀሉም፤ የበቀለባቸው ከግማሽ በታች ነበሩ። ሊቀ መንበሩ አንዷን ቡቃያ በጣታቸው ነካ አድርገው ይሄ መቼ ነው ለጥላ የሚደርሰው ብለው ጠየቁ። ኑርሁሴን ለእኔ አይደርስም አሉ። አቶ ትዕዛዙ እንደ ቃላቸው አደረጉ። ዳርቻው ለዶቅማ ተተወ፤ ወጣቶቹም ከመንገዱ ማዶ ሌላ መሬት ተሰጣቸው። ችግኞቹ የተተከሉት በሚቀጥለው ክረምት፣ አገሩ ሁሉ ለሚሊኒየሙ ዛፍ ሲተክል ነው።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዶቅማ ዝግተኛ ነው፤ ከተረፉት መካከል ረጅሙ ገና ከኑርሁሴን ትከሻ ነው የሚደርሰው። እሳቸው ግን ጉልበታቸው ከፈቀደ ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ፤ ከከተማ ቧንቧ የቀዱትን ውሃ በጀሪካን ይዘው፣ ድሮ ውሃ በነበረበት ቦይ ዳር ውዱእ አድርገው የዐስር ሰላታቸውን ይሰግዳሉ። ከእጃቸው የሚንጠባጠበው ለአንዱ ዛፍ እንዲደርስ ቦታ ይመርጣሉ። ጥላው ለግንባራቸው እንኳ አይበቃም። አንዳንዴ ውሃውን በእፍኛቸው ይዘው ይቆያሉ፤ ፊታቸው ላይ የሚረጭባቸው የለም።

ውሃው አልተመለሰም። የምንጩ ዓይን እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ትንሽ ረዝሟል፤ እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማለት ማጋነን ይሆናል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዳርቻው ቢለብስም ጎተራው ያለው ከላይ፣ ኮረብታው ራስ ላይ ነው። የኮረብታው ራስ ደግሞ የወይዘሮ አቻምየለሽ እርሻ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን በዚያች ቁራሽ ጤፍ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ኑርሁሴን መጀመሪያ ሲሄዱ ልጆቼ ዛፍ አይበሉም ብለው መለሷቸው፤ ኑርሁሴንም ልክ ነዎት ብለው ወረዱ። እንደገና ሲሄዱ እርሻውን ሳይሆን ጠርዙን ብቻ ጠየቁ፤ አፈሩ እየታጠበ በሚሄድበት በኩል ለወይዘሮዋ ላም የሚታጨድ ሣር፣ በሣሩ መካከል ዋንዛና ዶቅማ። ወይዘሮ አቻምየለሽ እሺም እምቢም አላሉም። ያችን የሚተክሏትን ነገር አምጥተው ያሳዩኝ አሉ።

አሁን ግንቦት ነው። መሪጌታ ይሄይስ ትናንት ልከው ፍሬው መርገፍ ጀምሯል ብለዋቸዋል። ኑርሁሴን ዛሬ ማለዳ ከአጥሩ ሥር የተቀበሉትን ዘር በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ወደ ወይዘሮ አቻምየለሽ ኮረብታ እየወጡ ነው። ወይዘሮ ዘሀራ ልብስህ ይበላሻል ብለው ነበር። ጆንያው ትከሻቸው ላይ ሆኖ ውሃው በጀርባቸው ቁልቁል ይወርዳል። እሳቸውም መንገድ ላይ ቆም እያሉ እጃቸውን ወደ ጆንያው ውስጥ ሰደው ዘሩን ይዳስሳሉ፤ እንዳይደርቅባቸው።